ማርጀሪን ሐሰተኛ ያደረገ እርሳስ

ሄስተር ፔንጌሊን ሠላሳ ስምንት ዓመት ሳውቃት ተረጋግታ ስትቀመጥ አላየሁም። እዚህ ዴቮን፣ ከካቴድራሉ ጀርባ ያለውን መዝገብ ቤት የምጠብቀው እኔ ሆስኪን ነኝ፤ ከወንበሮቼ ሁሉ ያላረጀው የእሷ ብቻ ነው። አንድ ገጽ ታነባለች፣ ብድግ ትላለች፣ መስኮቱ ጋ ደርሳ ትመለሳለች፣ ደግሞ ቁጭ። ሌሎቹ አንባቢዎች ይናደዱባት ነበር። እኔም እናደድባት ነበር፤ ምን ዋጋ አለው፣ ለምጃት ቀረሁ።

ሥራዋ የሕግ ታሪክ ነው። ድሮ በእኛ አገር ሁለት ዓይነት ዳኛ ነበር። ትዳር፣ ኑዛዜና ስም ማጥፋት በቤተ ክርስቲያን ችሎት ይታያል፤ መሬት ደግሞ በንጉሡ ዳኞች፣ በአገሩ የልማድ ሕግ። ሁለቱ እንደ አይጥና ድመት ነበሩ፤ ሄስተርም ዕድሜዋን የፈጀችው በመሀላቸው የተፈጨውን ሰው ወረቀት ስታነብ ነው።

ስሟን ያስጠራው የማርጀሪ መጽሐፍ ነው። ማርጀሪ የዛሬ አራት መቶ ምናምን ዓመት ላም እያለበች የምትኖር ሴት ነበረች። ሮጀር የሚባል ባለመሬት ጎተራ ውስጥ፣ ያለ ቄስ፣ ሁለት ሰው እየሰማ «ከዛሬ ጀምሮ ሚስቴ ነሽ» አላት። ሮጀር ሲሞት የቤተ ክርስቲያኑ ችሎት ቃል ከተሰጠ ትዳር ነው ብሎ ሚስትነቷን አጸደቀላት። የንጉሡ ዳኞች ግን በቤተ ክርስቲያን ደጅ ላልተዳረች ሴት የመበለት መሬት የለም ብለው ባዶ እጇን መለሷት። ሄስተር ታዲያ አንድ ጉድ አወጣች። ከምስክሮቹ አንዱ፣ ሽማግሌው ሳይመን፣ ቃሉን ሰጠ በተባለበት ቀን ከተቀበረ ሦስት ወሩ ነበር! ስለዚህ ማርጀሪ ሙት አስመስክራለች፣ ቄሶቹ ተሞኝተዋል፣ የንጉሡ ዳኞች ነቅተዋል አለች። ሁሉም ተቀበላት። ይኸው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተማሪው ሁሉ ማርጀሪን «ውሸታሟ መበለት» ነው የሚላት።

ባለፈው ዓመት ሄስተር ጡረታ ልትወጣ ሳምንት ሲቀራት መጣች። ለስንብት ንግግሯ የሳይመንን የምስክርነት ቃል ፎቶ ማንሳት ፈልጋ ነበር። አውጥቼ ሰጠኋትና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ክፍሉ ጭር ማለቱ ገረመኝ። ቀና ስል ሄስተር ቆማ ክው ብላለች። የዚያች ሴት አለመንቀሳቀስ ነው ያስደነገጠኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ዘመን ዓመቱ የሚለወጠው በጃንዋሪ ሳይሆን በማርች ሃያ አምስት፣ በብስራት ቀን ነበር። ስለዚህ ወረቀቱ «ፌብሩዋሪ 1597» ካለ እኛ አንድ ደምረን 1598 እንላለን። ይህ የሙያው ሀሁ ነው። የሳይመን ወረቀትም ፌብሩዋሪ 1597 ይላል። የፋይሉ ሽፋን ላይ ግን በእርሳስ 1598 ተጽፏል፣ በራሷ በሄስተር እጅ። በሃያ ስምንት ዓመቷ ደምራ ለማስታወሻ የጫረችው ነው። ከዓመታት በኋላ መጽሐፉን ስትጽፍ ዓመቱን ከሽፋኑ ላይ ገለበጠች፤ ያልተደመረ መስሏት ሁለተኛ ደመረች፤ 1599 ሆነ። ሳይመን የተቀበረው በኖቬምበር 1598 ነው። ሲመሰክር ለመሞት ገና ዘጠኝ ወር ይቀረው ነበር።

በፋይል ላይ መጻፍ ክልክል ነው። ያን ቀን ስትጽፍ አይቻታለሁ። ለሥራው አዲስ ነበርኩና ፈራሁ፣ ዝም አልኩ። እስከዛሬ ይቆጨኛል።

«ሆስኪን፣ ይቺን ሴት ምን አደረግኳት?» አለችኝ።

ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩና ሳጥኑን ለጥገና እልከዋለሁ አልኳት፤ አስር ዓመት ማንም አይጠይቀውም። የሙያ ተቀናቃኟ ዶክተር ስኬልሆርን እንደሆነ፣ ሃያ ዓመት ቢቀናባትም፣ ከእሷ መጽሐፍ አልፎ ዋናውን ወረቀት ነክቶ አያውቅም።

«ዝም በል ባክህ» አለችኝ። «እኔ ራሴ ላጲስ ስጠኝ እንዳልልህ ነው ጥርሴን ነክሼ የቆምኩት።»

ሦስት ቀን ልቧ አላርፍ አለ። ባለቤቴ ወንዙ ዳር አይታታለች፤ ሥጋ ያለው ቂጣዋን ሳትገምጥ ይዛ ሽቅብ ቁልቁል ትላለች። ዕድሜዋን የሠራችበት መጽሐፍ በአንድ ቁጥር ይናዳል፤ እንዴት ታርፍ? በሦስተኛው ቀን የስም ማጥፋት ክሶችን ሳጥን አስመጥታ ቆማ አነበበች። ድሮ የሰው ስም ያጠፋ ሰው ከጸሎት በኋላ በጎረቤቶቹ ፊት ቆሞ፣ የበደለውን ሰው ስም ጠርቶ፣ ሐሰት ተናግሬያለሁ ይላል። የደብሩ ተጠሪ የፍርዱ ወረቀት ጀርባ ላይ «ፈጽሟል» ብሎ ጽፎ ለችሎቱ ይመልሳል። ያ ቃል ካልተጻፈ ፋይሉ አይዘጋም።

«የሞተ ሰውስ ስሙ ይጠፋል?» አልኳት።

«መልስ መስጠት የማይችል ሰው ነው ይበልጥ የሚጠፋው» አለች።

በስንብቱ ቀን የካቴድራሉ አዳራሽ ሞልቶ ነበር። ስኬልሆርን ፊት ወንበር ላይ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል፣ እኔ አጠገቡ። ሄስተር የጻፈችውን ንግግር አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው።

«እኔ ሄስተር ፔንጌሊ ማርጀሪን ሐሰተኛ ብያታለሁ» አለች። «የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ ሳላውቅ ነው፣ ግን እኔ ነኝ። እሷ እውነቷን ነበር። መሬቷን ዳኞቹ ነፈጓት፣ ስሟን እኔ።» ከዚያ አደማመሩን አንድ በአንድ አስረዳች፤ እርሳሱንም አልደበቀችም።

ማንም አላጨበጨበም። ስኬልሆርን እጁን ፈታና እውነት ነው ወይ ብሎ በሹክሹክታ ጠየቀኝ። መጥተህ ወረቀቱን እይ አልኩት። ግማሹ ሰው ወይኑን ሳይቀምስ ወጣ። ሄስተር ግን እኔን ነበር የምታየው፤ ምን እንደምትጠብቅ ገባኝ።

በማግስቱ ጠዋት ፋይሉን አወጣሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው ስከለክል ኖሬ እኔው እርሳስ ያዝኩ። ከእሷ 1598 በታች «ፈጽማለች» ብዬ ጻፍኩና ስሜን አኖርኩበት።

አራት ሰዓት ላይ መጣች። ፋይሉን ከፊቷ አደረግኩላት። ሽፋኑን ብዙ አየችው፣ ወንበሯን ስባ ተቀመጠች፣ ማንበብ ጀመረች። እስከ ምሳ ድረስ አልተነሳችም።