የሾላው ጥላ ባለርስት

የሰው አቀማመጥ አስቀንቷችሁ ያውቃል? እኔን አስቀንቶኛል፤ ነገሩን በቅደም ተከተል ላስረዳ።

አዲስ አስተማሪ ሳለሁ፣ እስራኤል አገር፣ አሽቀሎን ውስጥ፣ እንደኔው ቤተ እስራኤል ለሆኑ፣ ከጎንደር ገና ለመጡ ትልልቅ ሰዎች ዕብራይስጥ አስተምር ነበር። እኔ በልጅነቴ በሱዳን በኩል ስለመጣሁ አገሩን ቀድሜያቸው አውቀዋለሁ። አንድ ቀን ትምህርታችንን ባሕሩ አጠገብ ወዳለው ብሔራዊ ፓርክ ወሰድኩት። የፈረሰውን ግንብ፣ የወደቁትን ዓምዶች፣ የድሮው አትክልት ቦታ ይጠጣበት የነበረውን ጉድጓድ በየተራ አሳየኋቸው። ግንቡን መሳፍንት ሠሩት አልኩ።

አንድ አዛውንት መዳፋቸውን ድንጋዩ ላይ አሳርፈው ቆዩ። ዘራቸው ግንበኛ ነው።

«መስፍን ድንጋይ አይጠርብም፣ ልጄ» አሉኝ። «የጎንደርንም ግንብ ነገሥታቱ ሠሩት ይባላል። የጠረቡት የኛ አያቶች ናቸው፤ ሲያልቅ ግን ከበሩ ውጭ ቀሩ።»

ምሳ ሰዓት ደረሰ። ከጉድጓዱ አጠገብ ትልቅ ሾላ አለ፤ ጥላው ለሁላችንም ይበቃል። ተቀመጡ ብል የሚቀመጥ ጠፋ። አንዲት እናት ምሳቸውን እንደታቀፉ፣ ባለርስቱ ሳይፈቅድ እንዴት ይሆናል አሉኝ። አገር ቤት መሬት አልነበረንም፤ በሰው ርስት ላይ የኖረ የዛፉን ጥላም ያስፈቅዳል። ርስቱ የመንግሥት ነው፣ መንግሥቱም የእኛ ነው ብዬ አስረዳሁ። በምሳሌም አስረዳሁ። እሺ እያሉ ቆሙ።

ይሄኔ እንደኛው ከውጭ የገባ አንድ የሩሲያ ቤተሰብ መጣ። አባትየውን አውቀዋለሁ፤ ከኛ ጎን ባለው ክፍል ገና የዕብራይስጥ ፊደል የሚቆጥር ጀማሪ ነው። ሸሚዙን አውልቆ የወደቀ ዓምድ ላይ ተንሰራፋ፤ ሐብሐቡንም እዚያው ዓምዱ ላይ ቆረጠ። አያትየዋ ግንቡን ተደግፋ እግሯን ዘረጋች። ማንን ጠየቁ? ቀናሁ። ሐብሐቡን አልነበረም የተመኘሁት፤ ያንን መንሰራፋት ነው።

ምሳቸውን የታቀፉት እናት ግን ባለርስቱን ያገኙ መሰላቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱና ለሰውየው እጅ ነሱ፤ ሾላውንም በእጃቸው አመለከቱት። እሱ ምንም አልገባውም። አንድ ትልቅ ቁራጭ ሐብሐብ ሰጣቸው።

ሲመለሱ ፊታቸው በርቷል። «ፈቀደ። ደግ ጌታ ነው።»

ሁሉም ተቀመጠ። የኔ ማስረዳት ያላስቀመጠውን ሰው የአንድ ጀማሪ ሐብሐብ አስቀመጠው። ቅናቴ ጨርሶ ባሰበት።

አዛውንቱ ቀና ብለው አዩኝ። «ርስቱ የኛ ከሆነ አንቺስ ለምን ቆምሽ?»

ለካ ቆሜያለሁ። ዓይኔም የፓርኩን ዘበኛ ይፈልጋል።

እስኪ እናንተም ሞክሩት። የፈረሰ ግንብ ያለበት መናፈሻ ሂዱና፣ ግራ ቀኝ ሳታዩ፣ እግራችሁን ዘርግታችሁ ተቀመጡ።