ቃሲም ያጎነበሰላቸው ባንዲራዎች

ቃሲም የሐይቅ ልጅ ነው። ሪያድ ውስጥ ስምንት ዓመት ያለወረቀት ተደብቆ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የምሕረት ጊዜ ሲታወጅ ተሯሩጦ ከፊል የሚሉትን አሠሪ ዋስ አገኘና ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ያዘ። ፉጣ ሰፈር አንድ ክፍል እንጋራ ነበር። እሱ ሲሰግድ እኔ ቴሌቪዥኑን ዝቅ አደርጋለሁ፤ እኔ ስጾም እሱ ሥጋውን ውጭ በልቶ ይመጣል። ኢቃማውን በየማታው አውጥቶ ያያታል። በእሷ በጥር ለእረፍት ሄዶ ልጁን ፈሪሃን ሊያይ ነበር። ትቷት ሲመጣ ጡት ትጠባ ነበር።

በዓመቱ ሪያድ የገልፍ ዋንጫን አዘጋጀች። የእኛ የጽዳት ድርጅት ስታዲየሙን ያዘ። አገር እንግዳ ሲጠራ ክብሩ ለባለቤቱ፣ መጥረጊያው ለእኛ! በፍጻሜው ባለቤቶቹ ተሸነፉ፤ ተመልካቹም ተናዶ ባንዲራውን እዚያው ጥሎ ወጣ። በማግስቱ ጠዋት ስንገባ በየወንበሩ ሥር አረንጓዴው ጨርቅ ከሱፍ ልጣጭ ጋር ተደባልቋል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ባንዲራው ላይ ሸሃዳ፣ የአላህ ስም ያለበት የእስልምና የእምነት ቃል፣ ተጽፏል። ቃሲም መጥረጊያውን አስቀምጦ አንድ በአንድ እያነሳ፣ እየሳመ፣ ንጹሕ ከረጢት ውስጥ ይከት ጀመር።

«ያላ! ጥረግ ብያለሁ!» ብሎ ጮኸ ሙሽሪፉ፣ አለቃችን።

«የአላህ ስም በመጥረጊያ አይጠረግም» አለ ቃሲም፣ ቀና እንኳ ሳይል።

እኔስ? ክርስቲያን ነኝ፣ ምን አገባኝ ብዬ ጠረግኩት። ከላይ የቆመ አንድ ሰው በስልኩ አነሳኝ።

ፎቶው ከስልክ ስልክ ዞረ። ቢጫ ልብስ የለበሰ ጀርባ፣ መጥረጊያ፣ ቆሻሻ ውስጥ ባንዲራ። «እንግዳ ጠርተን ይሄን እናሳይ?» እያለ ሰው ተሳደበ። ድርጅቱ ጥፋተኛ ፈለገና አሰለፈን። ያ ሙሽሪፍ የራሱን ትእዛዝ ዋጥ አድርጎ ጣቱን ቃሲም ላይ ቀሰረ። «ባንዲራ ሲነካካ ያረፈደው እሱ ነው!»

ቃሲም ጀርባው የማን እንደሆነ ያውቃል። አየኝ። ስሜን መጥራት ይችል ነበር፤ አልጠራም። ከረጢቱ ደግሞ የት ነበር? እኔ ቦርሳ ውስጥ! «ቤት አድርስልኝ፣ ንጹሕ ቦታ እቀብራቸዋለሁ» ብሎ የሰጠኝ ራሱ ነው። አውጥቼ ባሳይ ይተርፍ ነበር። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም አልኩና መሬት መሬቱን አየሁ። ወይ እኔ! እኔም ሰው ተብዬ!

ከፊሉ ኢቃማውን ሰረዘበት። በሳምንቱ ተርሒል፣ ተባራሪ የሚታጎርበት እስር ቤት፣ አስገብተው፣ ዳግም እንዳይመለስ አሻራ አንስተው ሸኙት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ለእሱ ሳይጠራለት አውሮፕላኑ ተነሳ። «ልጁን እንኳ አየ» እያልኩ ራሴን እሸነግላለሁ።

ባለፈው ወር ደወለ። ወቀሳውን እየጠበቅኩ አነሳሁት።

«ሞላ ወንድሜ፣ እነዚያን ባንዲራዎች ጣልካቸው እንዴ?»

«አልጣልኳቸውም። ራስጌዬ አሉ።»

«አልሐምዱሊላህ! እኔስ አውቅሃለሁ፣ አደራ አትበላም። አላህ ይጠብቅህ።»

መረቀኝ እኮ! ምነው በሰደበኝ።