ፀሐይ ላይ የተዘረጋ ፊልም

ስማኝማ፣ ይህን የምታነበው ሰውዬ! ቁጭ በልና ስማኝ። እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ደብተሬን ወርውሬ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ቃል አሳምሬ አልጽፍልህም። ግን የፊት ጥርሴ አንዱ የለም። የት እንደቀረ፣ ከሱ ጋር ምን አብሮ እንደቀረ ልንገርህ።

ካሜራዬ በደርግ ጊዜ የመጣ የሩስያ ብረት ነበር። ባትሪ የሚባል አያውቅም። የሰጡኝ እዚህ ከተማችን ፒያሳ ፎቶ ቤት ያላቸው ሐጂ ናቸው። ዘመዶቻቸው በሙሉ ነጋዴ፣ እሳቸው ብቻ ፎቶ የለከፋቸው። አንገቴ ላይ ሲያንጠለጥሉልኝ፣ «ይኸውልህ፣ ሁለት ሥራ ይሠራል። ሰው ታነሳበታለህ፤ ጠብ ከመጣ ደግሞ ትፈነክትበታለህ» ብለው ሆዳቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

ያኔ የሰፈሬ ልጆች በሞባይል ማንሳት ጀምረዋል። እኔን ሲያዩ «ሙዚየም መጣ!» ይላሉ። «የናንተ ፎቶ ስልካችሁ ሲሰረቅ አብሮ ይሰረቃል» እላቸዋለሁ። እኔ ፊልም ነው የምወደው። በቃ። አንድ ፊልም ሠላሳ ስድስት ፎቶ ነው፤ ስለዚህ ዝም ብለህ አትተኩስም። ሰውየውን ታያለህ፣ ብርሃኑን ታያለህ፣ ትንፋሽህን ትይዛለህ፣ ጠቅ! ከዚያ ምን እንደወጣ አታውቅም። ፊልሙ እስኪያልቅ፣ እስኪታጠብ ትጠብቃለህ። መጠበቁ ነው ጣሙ። እንደሱ ደስ የሚል ነገር አላገኘሁም።

ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ማደሉ ነው። አምባ ጊዮርጊስ በገበያ ቀን ጋቢዬን መሬት አነጥፍና ፎቶዎቹን እዘረጋለሁ። ሰው ግር ብሎ መጥቶ ራሱን ይፈልጋል። አንድ ቀን አንዲት አሮጊት የጎረቤታቸውን ፎቶ አንስተው መቀነታቸው ውስጥ ሸጎጡ። «እማማ፣ ይሄ እኮ እርስዎ አይደሉም» ብላቸው፣ «ዝም በል! እኔ እንዲህ ነኝ። ያቺኛዋ አሮጊት ናት» አሉኝ። ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ፎቶውን ይዘው ሄዱ። ጎረቤታቸውን ደግሜ አነሳኋት፣ ምን ላድርግ።

በዚያ ዓመት ለጥምቀት ቀሐ ወንዝ ወረድኩ። ሕዝቡ ውሃውን ከቦ ይጋፋል፤ ዱላ ከራስ በላይ ይወዛወዛል፤ ክርኑ ጎንህን ይበሳሃል። ከዚያ መሀል አንዲት ልጅ እጄን ጎተተች። አረንጓዴ ጥልፍ ያለው አዲስ ቀሚስ ለብሳለች።

«አንተ ፎቶ አንሺ! ንቅሳቴ ይወጣል?»

«ከሳቅሽ ይወጣል።»

«አልስቅም። አንድ ብቻ ነው የምነሳ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ብታነሳኝ ወዮልህ!»

ነጠላዋን አራት ጊዜ አስተካከለች። ግራ እጇን ወገቧ ላይ፣ አገጯን ወደ ላይ አደረገች። ልክ ልጫን ስል ሳቀች። ጠቅ! ሃያ ዘጠነኛዋ ነበረች። እንደ ልማዴ ካርቶን ቀድጄ «29» ብዬ ሰጠኋት፤ ፎቶ ስትወስድ እሷን እንድታሳይ። ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረቻት።

በማግስቱ ከበዓሉ የሚመለስ ሰው ጢም አድርጎ የጫነ የጭነት ማኪና ከኮሶዬ በታች ተገለበጠ። እሷም ከላይ ነበረች።

እኔ አልሰማሁም። ከሳምንት በኋላ አባቷ ፎቶ ቤቱ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። የኮሶዬ ገበሬ ናቸው፤ ራሳቸውን ተላጭተዋል። መዳፋቸውን ሲከፍቱ ካርቶኗ አለች። 29 ላይ ደም ደርቆበታል።

«ይህን የሰጠሃት አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ አያ።»

«ከነጠላዋ ላይ ፈታሁት። ሌላ ምስል የላትም፤ ከተወለደች ያነሳት የለም። ለአርባዋ ሰው ሲሰበሰብ ፎቶዋን አውጥቼ ላስለቅስባት። ትሰጠኛለህ?»

«እሰጥዎታለሁ» አልኩ። በማርያም ስም ማልኩ።

አሁን የኔን ጥፋት ልንገርህ፤ አልደብቅም። ፊልሙ ካሜራዬ ውስጥ ነበር፤ ከእሷ ወዲህ አንድ ብቻ አንስቼበት ስድስት ይቀረዋል። ሐጂ፣ «አሁኑኑ እንጠበው፣ ስድስቷ ገደል ትግባ» አሉኝ። እኔ ግትሩ ደግሞ፣ «ሐጂ፣ አርባው ገና ነው። ስድስት ፎቶ ሜዳ ላይ ልጣል? ነገ ገበያ ወርጄ ጨርሼው እመጣለሁ» አልኳቸው። ፊልም ሳያልቅ አይወጣም፤ የኛ ሥራ እንዲህ ነው። ሐጂ ትተውኝ ወደ ውስጥ ገቡ። በጥፊ ቢሉኝ ኖሮ!

የገበያውን ስም አልጠራም፤ በደባርቅ መንገድ ላይ ያለ፣ እኔ ረግጬው የማላውቅ ገበያ ነው። ረፋዱ ላይ አምስቱን ጨረስኩ። አንዱ ከበቅሎው ጋር ተነሳ፤ በቅሎዋ ጆሮዋን እስክታቆም ሁለታችንም እንጠብቃለን። ሸጋ ጠዋት ነበር።

ወዲያው ጩኸት ሰማሁ። ሁለት የገበያ ዘበኞች አንድ ድንች ሻጭ ሽማግሌ መሬት ጥለው ይቀጠቅጣሉ። ጆንያውን ማስቀመጥ ከማይቻልበት አስቀመጠ ብለው ነው። ዱላው ሲያርፍ ጀርባው እንደ ባዶ በርሜል ይጮሃል። ድንቹ በደም እየተለወሰ ይንከባለላል። ሰው ከቦ ያያል። እኔ ጀግና ሆኜ አይደለም፤ ብርሃኑ ከጎን ስለመጣ፣ ዱላው ሰማይ ላይ ስለቆመ ነው። ጠቅ! ሠላሳ ስድስት። አለቀ።

ፊልሙን ጠቅልዬ ብርሃን ወደማያስገባው ቆርቆሮ ቤቱ ለመመለስ ግማሽ ደቂቃ ይበቃኝ ነበር። ግማሽ ደቂቃ!

ረጅሙ ዘበኛ ዞረ። «አንተ! ምንድን ነው ያነሳኸው?»

«ገበያ።»

«እኔ ገበያ መሰልኩህ?»

«ስትጮህ ትመስላለህ።»

ይቺ ምላሴ! በቡጢ አፍንጫዬን አለኝ። ደሜ ሸሚዜ ላይ ሲወርድ በቴስታ መለስኩለት። ሁለተኛው ከኋላ ጉልበቴን በዱላ መታኝና ወደቅሁ። ረጅሙ ደረቴ ላይ ቆሞ ካሜራውን ከአንገቴ መነጨቀው።

«ምስሉን አወጣለሁ! አየዋለሁ!» ይላል ረጅሙ፣ ክዳኑን በጥፍሩ እየፈለቀቀ።

«እንዳትከፍተው! ብርሃን ካየው ይጠፋል! በፈጠረህ! የሞተች ልጅ አለችበት!»

«ሰማችሁ? የሞተች ልጅ አለችበት ይላል! ምስል ብርሃን የሚፈራው ጋኔን ነው?» ሰው ሳቀ።

ክዳኑ ተከፈተ። ፊልሙን እንደ በግ አንጀት እየጎተተ አወጣው። ሁለት እጁን ዘርግቶ ወደ ፀሐይ ይዞ፣ እያንዳንዷን ስንዝር ዓይኑ ጋ አስጠግቶ ፈለገ። የምሩን ነው የፈለገው! እሱ ፎቶ ማለት ሳይታጠብ አልቆ ውስጡ የተቀመጠ ነገር ይመስለዋል፤ አይቶ ሊፈርድብኝ።

«የታለሁ እኔ? የታለ ገበያው? ባዶ! ባዶ ነው!» ብሎ ለሕዝቡ አሳየ። «ሲያሞኛችሁ ነው የዋለው!»

ያ ባለበቅሎ ወደ ፊት መጣ። «እኔስ? በቅሎዬስ የለችም?»

«ይኸው፣ ራስህ እይ።»

አየ። ባዶ ነው። ፊቱ ተለወጠ። «ሌባ!» አለና ጎኔን በእርግጫ አለኝ። ጠዋት ፀጉራቸውን ቅቤ ቀብተው ፊቴ የሳቁት ሁሉ መጡብኝ። ድንጋይ ያነሳም ነበር። የተደበደበው ሽማግሌ ብቻ ድንቹን እየለቀመ «ተዉት! ምነው፣ እኔ አልበቃኋችሁም?» ይላል። ማን ይስማው።

ካሜራው አጠገቤ ተጥሏል። ማንገቻውን ያዝኩ፣ ተነሳሁ፣ ሐጂ ያሉትን ሁለተኛውን ሥራ ሠራሁበት። ረጅሙን ቅንድቡ ላይ ሰነጠቅሁት። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው አፌ ውስጥ የገባውን ጫማ ነው። ጥርሴ እዚያ ቀረ። ሁለት ቀን አስረው፣ ካሜራውን አስቀርተው ለቀቁኝ።

እንዳበጥሁ ኮሶዬ ወጣሁ። አባትየው በር ላይ ሲያዩኝ ዓይናቸው እጄ ላይ ነው። ከኋላቸው ግድግዳው ላይ ባለመስታወት ፍሬም ተሰቅሏል፣ ባዶውን። ለጎረቤት ሁሉ ፎቶዋ ይመጣል ብለው ነግረዋል።

ነገርኳቸው። ሐጂ ያሉኝን፣ እኔ የመለስኩትን፣ ፀሐዩን፣ ሁሉንም።

ዱላቸውን አነሱ። አልሸሸሁም። የበሩን መቃን መቱ። ደግመው መቱ። ዱላው ተሰንጥቆ እጃቸውን እስኪያደማ መቱ። ከዚያ ደፉ ላይ ተቀመጡ።

«አንተ አይተሃታል» አሉኝ። «እንዴት ነበር የቆመችው?»

ፊታቸው ቆሜ አሳየኋቸው። ግራ እጄን ወገቤ ላይ፣ አገጬን ወደ ላይ።

«ኮስተር ብላለች?»

«አልስቅም ብላ ነበር፣ አያ። ልጫን ስል ሳቀች።»

በአርባዋ አረንጓዴ ጥልፍ ያለውን ቀሚስ አወጡ። እድፉ ታጥቧል፣ የተቀደደው ተሰፍቷል። ረጅም እንጨት ላይ አለበሱትና ለቀስተኛው መሀል አቆሙት። አባትየው መጥተው የግራ እጅጌውን አጥፈው ወገቡ ላይ በመርፌ ያዙት። ሴቶቹ ሲያዩት ደረታቸውን እየደቁ ጮኹ። የእናቷ ፊት በጥፍር ተተልትሏል። እኔ ከአጥሩ ሥር ቆሜ አንገቴን በእጄ ስዳብስ ነበር፤ ካሜራው የለበትም።

እናንተ ሁለታችሁ ዘበኞች! የአባትየው ቤት መንገዱ ዳር ነው፤ በየሳምንቱ በማኪና ታልፉበታላችሁ። ፍሬሙ አሁንም ግድግዳው ላይ ነው። ወርዳችሁ እኚያ ሰው ፊት ቆማችሁ፣ ልጅዎ የነበረችበት ፊልም ባዶ ነበር ብላችሁ የምትናገሩት መቼ ነው?