በጠበል የተዋጠችው ኪኒን

ዛሬ ጠዋት የፋርማሲ ፈተና ሳርም አንዲት ተማሪዬ «መድኃኒት በሰዓቱ ካልተወሰደ ደም ውስጥ ያለው መጠን ይወርዳል» ብላ አሳምራ ጽፋ አገኘኋት። ትክክል ናት። እኔ ግን ቀይ እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። ያቺን ዓረፍተ ነገር በእሷ ዕድሜ እኔም ሸምድጃት ነበር።

አባቴ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ውስጥ ቆርቆሮ ቀጥቅጦ ባልዲና ምድጃ የሚሠራ፣ ማንንም የማይሰማ ግትር ሰው ነበር። ስኳር ነበረበት። ጠዋት ጠዋት አንድ ኪኒን ይውጣል፤ በጾም ቀን ግን አይነካትም። «እኔ ስጾም እሷም ትጹም!» ይል ነበር።

ለክረምት እረፍት ቤት እያለሁ ፍልሰታ ገባ። መድኃኒት ደም ውስጥ በስንት ሰዓት በግማሽ እንደሚጎድል የተማርኩት በቅርቡ ነበርና፣ ያወቅኩ መስሎኝ አላስቀምጥ አልኩት።

«አባባ፣ መድኃኒት እንዲህ አይዘለልም። በየቀኑ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት!» አልኩና የኪኒኗ ካርቶን ላይ በቀይ ጻፍኩለት።

«ውኃውስ? ጾሜን ልታስሽሪኝ ነው?»

ትንሽ አሰበና ራሱ መላ አገኘ። «በጠበል እውጣታለኋ! ጠበል ጾም አይፈታም።» ከዚያ በሩ ላይ ለቆሙት ጎረቤታችን ለእትዬ ዘነበች «ዶክተሬ አዛኛለች እኮ» አላቸው። የፋርማሲ ተማሪ እንጂ ዶክተር አልነበርኩም፤ ደስታው ግን ፊቱን አበራው።

ያቺ ኪኒን እህል ገባም አልገባም ስኳርን ከማውረድ እንደማትመለስ የሚናገረው ምዕራፍ ጋ ገና አልደረስንም ነበር። በመጀመሪያው ቀን ከቅዳሴ ሲመለስ «ላብ ላብ አለኝ፣ እጄም ተንቀጠቀጠ» አለኝ። «ሰውነትህ እስኪለምደው ነው» አልኩት። ወይ ድፍረት!

በሦስተኛው ቀን ዝናቡ ያካፋል። ከቅዳሴ ሲመጣ እንዲበላው ሱፍ እየጨመቅኩ ነበር። እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን እየጎተቱ ገቡ። «ልጄ፣ አባትሽ ወድቋል፣ ድረሺ!»

ልደታ ማርያም ግቢ ስደርስ ከዛፍ ሥር አጋድመውታል። ሸሚዙ በላብ ርሷል። ሰዉ «ጾሙ ነው ያደከመው» እያለ ጠበል ይረጨዋል። አንዲት ማንኪያ ስኳር አፉ ውስጥ ማድረግን ያሰበ አልነበረም፤ እኔም አላሰብኩም። ዐይኑን ገለጥ አደረገና አየኝ።

«ውጫታለሁ ልጄ፤ አልረሳሁም» አለኝ።

ሆስፒታል ስንደርስ ራሱን ስቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ አልነቃም። ሐኪሙ ከአባቴ ኪስ የወጣውን የኪኒን ካርቶን አገላብጦ አየና «ይህን የጻፈው ማነው?» አለ። «እኔ ነኝ» አልኩ። ካርቶኑን መልሶ እጄ ላይ አኖረው። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ቤት ስመለስ ሱፍ ፍትፍቱ እንደተከደነ ነበር።

ለተማሪዬ ሙሉ ነጥብ ሰጠኋትና ከሥሩ በቀይ «በሽተኛሽ መቼ እንደሚበላ ጠይቀሻል?» ብዬ ጻፍኩላት። ማንንም ሰምቶ የማያውቀው አባቴ እኔን ሰማኝ። ምነው ባልሰማኝ ኖሮ!