እንድሪስ ሲጃራ ትቶ ሐርቡ የወረደ ጊዜ

ደሴ፣ ጎህ ሲቀድ

ከደሴ ስንነሳ የጦሳ ተራራ ጉሙን እስከ ወገቡ ተከናንቦ ነበር። ክረምቱ እየወጣ ቢሆንም ብርዱ ገና ጥርስ ያንገጫግጫል። ካፖርቴን እስከ አንገቴ ቆልፌ እንድሪስ በር ላይ ስደርስ እሱ ቀድሞኝ ወጥቶ ቆሟል። አፉ ላይ መፋቂያ፣ በግራ እጁ የሙስበሃ መቁጠሪያ፣ በቀኝ እጁ አንድ እፍኝ ቆሎ፣ ጉንጩ ሥር ደግሞ ቅርንፉድ አለ።

«ዝንጅብልስ?» አልኩት።

«ኪሴ ውስጥ ነው» አለኝ። መቀለዴን አላወቀም።

ዘመኑ ጣሊያን አገር ውስጥ ያለበት ነው። ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን መንገድ አስፋልት ካለበሰው ወዲህ ካሚዮን ሲወጣ ሲወርድ ይውላል። እኔ ሰኞ ገበያ አጠገብ በአንዲት የስፌት መኪና የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። እንድሪስ ጎረቤቴ ነው፤ አብረን አፈር ፈጭተን ያደግን። ሚስቱ ዘሃራ የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ ሐርቡ ወላጆቿ ቤት ወርዳ ነበርና፣ ሴት ልጅ መገላገሏን ሰምተናል። በማግስቱ ጧት የልጅቱ ስም ይወጣል። በአማቱ በሼህ አደም ቤት ደንብ ደግሞ ስሙን መጀመሪያ በልጅ ጆሮ የሚጠራው አባት ነው።

ዘሃራ ለገበያ በወጣ ዘመዷ በኩል እንዲህ ብላ ልካለች፦ «ሲጃራ የነካው አፍ የልጄን ጆሮ አይነካም። ካልሆነለት አባቴ ይጠራላታል።»

እንድሪስ ይህን ከሰማ ጀምሮ አላጨሰም። መተው ለሱ አዲስ ነገር አይደለም፤ ደጋግሞ ትቶ ያውቃል። አንድ ረመዳን ቀኑን ሙሉ እንደ መልአክ ሲጾም ዋለና፣ ማታ ሲያፈጥር ከቴምሩ በፊት ሲጃራውን ለኮሰ። ሌላ ጊዜ «ወላሂ ደሴ ውስጥ አላጨስም» ብሎ ማለ። መሐላውን በእርግጥም ጠበቀ፤ ለማጨስ በየቀኑ ከከተማው እየወጣ ሐረጎ ድረስ በእግሩ ሲጓዝ ሰው አየው እንጂ። ያን ሰሞን ከጤናውም ከጫማውም የቱ ይበልጥ እንደተጎዳ እንጃ።

የዚህ ጊዜው ግን ሌላ ነው። አብሬው እንድሄድ የለመነኝም ራሱ ነው። «ሲጃራ አምሮኛል ካልኩህ አትቆጣኝ፤ ዝም ብለህ ወሬ አውራልኝ» አለኝ። ለልጅቱ የሰፋኋትን ቀሚስ ከረጢቴ ውስጥ ከትቼ ተከተልኩት።

የሐረጎ ቁልቁለት

ካሚዮን ላይ እንውጣ ብዬ ብጠይቀው እምቢ አለኝ። ሾፌሮቹ ያጨሳሉ፣ ሽታው ይፈትነኛል ነው የሚለው። እንዲህ ሆነና፣ በዕድሜዬ ትንባሆ አፌ ገብቶ የማያውቀው እኔ፣ በሲጃራ የተነሳ ያን ሁሉ ቁልቁለት በእግሬ ወረድኩት።

መንገዱ ጥቁር ነው፣ የሚያብረቀርቅ፣ እንደ እባብ የሚጠማዘዝ። ከላይ ጉም፣ ከታች ፀሐይ። ዳር ዳሩን ቁልቋል፣ ከቁልቋሉ ሥር በለስ የሚሸጡ ሴቶች። እንድሪስ አፉን ሥራ ለማስያዝ ሲል በለስ እየላጠ ዋጠ፤ እሾሁ ጣቱ ውስጥ ገባና እሱን በመንቀል ደግሞ እጁ ሥራ አገኘ። ወሬ አውራልኝ ስላለኝ የስፌት መኪናዬን መርፌ፣ የጎረቤቶቻችንን ጠብ፣ የአንድ ደንበኛዬን ሱሪ ሦስት ጊዜ ማሳጠሬን ሁሉ አወራሁለት።

«ተሰማ» አለኝ በመጨረሻ፣ «ትንሽ ዝም በል። ወሬህ ራሱ ሲጃራ ያስምራል።»

አንድ ኩርባ ላይ ስንደርስ ቆመና ድንጋዩን አየ። መንገዱ ሲሠራ ድንጋይ ይፈልጥ እንደነበር አውቃለሁ። ማጨስ ለምን እንደጀመረ ግን ጠይቄው አላውቅም ነበር፤ ጠየቅኩት።

«እዚህ ነው የጀመርኩት» አለኝ። «አለቃችን ካቦው ቁጭ ያለ ሰው ሲያይ ይጮህ ነበር። ሲጃራ ለኩሶ ቁጭ ያለውን ግን እስኪጨርስ ይታገሠዋል። እኔ ማረፍ ፈልጌ ነው ያጨስኩት።»

«አሁንስ አረፍክ?»

«አሁን ሲጃራው ራሱ አያሳርፈኝም» አለና መንገዱን ቀጠለ።

ስለሱ ስንት ቀልድ ቀልጃለሁ። ይህችን ካለኝ በኋላ ግን እርምጃዬን ከእርምጃው ጋር አስተካክዬ ተከተልኩት።

ኮምቦልቻ፣ ቀትር

ኮምቦልቻ ስንደርስ ደሴ የለበስኩት ካፖርት ክንዴ ላይ ነው። ሙቀቱ ከመሬት ይነሳል። በየግቢው ፓፓያና ሎሚ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተሰለፉ ካሚዮኖች፣ የነዳጅና የተጠበሰ ሥጋ ሽታ። እግራችን ዝሎ ስለነበር ከዚህ በኋላ ያለውን በመኪና እንሄዳለን ተባባልን። እንድሪስ አንድ ዋርካ ጥላ ሥር ተቀመጠና እኔ ወደ ሐርቡ የሚሄድ ካሚዮን ፍለጋ ሄድኩ።

ስመለስ ቆሎው መሬት ላይ ተበትኖ ዶሮዎች ይለቅሙታል። እንድሪስ እያጨሰ ነው።

አጠገቡ ይመር የሚባል የድሮ የመንገድ ሥራ ባልደረባው ተቀምጧል፤ አሁን ጭነት ይጭናል። ያን ጧት ከሐርቡ መምጣቱ ነው። ምን እንደሆነ ብጠይቀው በሐዘን ነገረኝ፦ «ሼህ አደም ግቢ ሰው ተሰብስቦ አየሁ። ሕፃን ታሞ ዱዓ እየተደረገ ነው አሉኝ። ይህንኑ ብነግረው ቀለሙ ጠፋ። ምን ላድርገው? ያለኝን ሰጠሁት።»

በይመር አልፈርድም። ሰው ሲደነግጥ ውኃ እንደሚሰጠው ሁሉ እሱም በእጁ የነበረውን ነው የሰጠው። ከጧት ጀምሮ ሲቀለድበት የነበረው ቅርንፉድና ዝንጅብል እንዲህ ላለ ወሬ የሚበቃ አልነበረም።

እንድሪስ ሲጃራውን እስከ ጫፉ ጨርሶ ሁለተኛዋን ከይመር ተቀበለ። አልለኮሳትም። ጣቶቹ መሃል ያሽከረክራታል።

«አንተ ሂድ» አለኝ። «ቀሚሱን ስጥልኝ። ልጅቱ በምን ሁኔታ እንዳለች ላክብኝ። እኔ እዚሁ ሆኜ እጠብቃለሁ።»

«ለምን?»

«ቃሌን አፍርሼ በምን አፌ እገባለሁ? አሁንማ አንዴ ሆኗል። አንድም ሆነ አሥር ያው ነው።»

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከዚያ የመጣልኝን አልኩት።

«ወደ መስጊድ ስትሄድ መንገድ ላይ ውዱዕህ ቢፈታ ምን ታደርጋለህ?»

«እንደገና እታጠባለሁ።»

«አንዴ ፈትቻለሁ ብለህ ሶላቱን ትተህ ወደ ቤትህ አትመለስም?»

ቀና ብሎ አየኝ። «አንተ ክርስቲያኑ ስለ ውዱዕ ልታስተምረኝ ነው?»

«አስተማሪ ካጣህ ምን ላድርግ?»

ይመር ሳቀ። እንድሪስ አልሳቀም፤ ግን ተነሳ። ያችን ሁለተኛዋን ለይመር መለሰለትና ይመርም ጆሮው ላይ ሰካት። ከዚያ ቦርከና ወንዝ ወረደ። ክረምቱ ያደፈረሰው ውኃ ነው፤ ቢሆንም አፉን ተጉመጠመጠ፣ ፊቱን፣ እጁን፣ ጢሙን አጠበ። ጣቶቹን በአሸዋ ፈተጋቸው። ከወንዙ ሲወጣ ሽታው ለቆት እንደሆነ አላሸተትኩትም። እሱም አሽትተኝ አላለኝም።

ወደ ሐርቡ

ያገኘሁት ካሚዮን ጨው የጫነ ነው። ሾፌሩ የአስመራ ሰው፣ ጨዋታ ወዳድ፣ ገና ሳንሳፈር ሲጃራ ያቀጣጠለ። ጋቢና ግቡ ሲለን እንድሪስ ከላይ ጨዉ ላይ እንሁን አለው።

«ሰው ሁሉ ጋቢና ካላስገባኸኝ እያለ ይጣላኛል» አለ ሾፌሩ። «ከጨው ጋር ጫነኝ ያለኝ አንተ የመጀመሪያው ነህ።»

ከላይ ሆነን ነፋሱ ፊታችንን እየመታን ሄድን። ማሽላው ከሰው ቁመት አልፏል። ግመሎች መንገዱን ይለቃሉ፣ ወፍ ጠባቂ ሴቶች ማማ ላይ ሆነው ወንጭፋቸውን ያጮሃሉ። እንድሪስ ምንም አያይም። ሙስበሃውን ይቆጥራል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። አንዴ ብቻ «አብሽር፣ አይዞህ» ስለው ራሱን ነቀነቀ።

ሐርቡ

ሼህ አደም ግቢ በእርግጥም ሰው ሞልቷል። ግን ሰዎቹ ዳስ የሚጥሉና እንጨት የሚፈልጡ ናቸው፤ የነገ ድግስ ነው። ታመመ የተባለው ሕፃን የጎረቤት ልጅ ኖሯል። ዱዓ ሊደረግለት መጥቶ፣ ትኩሳቱ ለቆት፣ እናቱ ጭን ላይ ሸንኮራ ይመጥጣል።

እንድሪስ ያን ልጅ ቆሞ አየው። እኔም ክንዱን ያዝኩት።

«አልሐምዱሊላህ» አለ። ቀጥሎ ደግሞ በቀስታ፣ «ይመርን ግን ሳገኘው...» አለና ተወው።

አራሷ ያለችው ጓዳ ነው። እሱ ወደዚያ ሲገባ እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ከሼህ አደም ጋር ተቀመጥኩ። ሼሁ ነጭ ጢማቸውን ያፍተለትላሉ። የሁለቱ ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል።

«አሰላሙ አለይኪ።»

«ወአለይኩም ሰላም። እዚያው ቁም።»

አየሩን በአፍንጫዋ ስትስብ ተሰማኝ። ከዚያ ዘሃራ «ቅርንፉድ» አለች። «ዝንጅብል። ጨው።» ቆየችና፣ «ሲጃራ።»

መቀመጥ አቃተኝ። «ዘሃራ፣ ያመጣን ሾፌር እኮ...» ብዬ ከወዲህ ጀመርኩ። ውሸትም አይደለም፤ ሾፌሩ አጫሽ ነበር።

«የሾፌሩ አይደለም፣ የኔ ነው» አለ እንድሪስ። «ኮምቦልቻ ላይ አንድ አጨስኩ። ሕፃን ታሟል ሲሉኝ የኛ መስሎኝ።»

«ከዚያስ?»

«ሁለተኛዋን መለስኳት። ታጥቤ መጣሁ።»

«አያ ተሰማ የጀመረልህን ብትጨርሰው አምንህ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

ሕፃኗ ትንሽ አለቀሰች፣ ዘሃራ አባበለቻት። «ልጅህ ደህና ናት» አለችው፣ ድምፅዋ ረገብ ብሎ። «ከዚያው ሆነህ እያት። ከዚያ ሄደህ ገላህን ታጠብ፣ ልብስህንም ቀይር። ስሟ የሚወጣው ነገ ነው። ጧት አሸትሃለሁ።»

ሼህ አደም ወደ እኔ ዘንበል አሉ። «አንተስ ታጨሳለህ?»

«ኧረ እኔስ ነክቼው አላውቅም፣ ሼሃችን።»

«ታዲያ የሰውን ሲጃራ በሾፌር ለማሳበብ ማን ላከህ?»

መልሴን አልጠበቁም፤ ዓይናቸው ሲስቅ ብቻ አየሁ።

እንድሪስን ሲጃራ አብዝቶ የሚያምረው ከእራት በኋላ ነው። ሼሁ ይህን በምን እንዳወቁ አላውቅም፤ ማዕዱ እንደተነሳ የመንዙማ ከበሯቸውን፣ ድቤውን፣ አምጥተው እጁ ላይ አስቀመጡለት። መንዙማው ተጀመረ። ሁለት እጁ ድቤው ላይ፣ አፉ ዜማው ላይ ሆነ። በየመሃሉ ሳል ይቆርጠዋል፤ ሰዎቹ ዜማውን ይዘው ይጠብቁትና ሲመለስ ይለቁለታል።

በማግስቱ

ጧት ዘሃራ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። እንድሪስ የአማቱን ጋቢ ለብሷል፤ ሼሁ ረጅም ሰው ስለሆኑ መሬት ይጠርጋል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ላም ጥጃዋን እንደምታሸት፣ አንገቱን፣ ጢሙን፣ የሁለት እጆቹን ጣቶች አንድ በአንድ አሸተተችው። ሽማግሌዎቹ ወደ ሌላ የሚያዩ መሰሉ። እኔ አፌን በእጄ ሸፈንኩ።

«የድቤ ቆዳና ቅርንፉድ ብቻ» አለችና ልጅቱን ሰጠችው።

የሰፋሁላት ቀሚስ ትልቅ ሆኖባት እጇ ጠፍቷል። እንድሪስ ጎንበስ ሲል ሳሉ መጣበት፤ ፊቱን ዞር አድርጎ፣ ልጅቱን ከደረቱ አርቆ፣ እስኪያልፍለት ጠበቀ። ማንም አላጣደፈውም። ከዚያ ወደ ጆሮዋ ተጠጋና አንድ ቃል ተናገረ። ከእሷ በቀር የሰማው ሰው የለም።

«ምን አልካት?» አሉት ሼህ አደም።

«ከድጃ።»

ልጅቱ አፍንጫዋን ጨመደደች።

«ቅርንፉዱ ነው» አለች ዘሃራ፣ ሌላ ነገር እንዳይመስለን።

ከዚያ ወዲህ አንዴም አልወደቀም ብዬ ብጽፍ፣ የደሴ ሰው ሁሉ ይስቅብኛል። እናቱ የሞተች ጊዜ አጭሷል። አንድ ሠርግ ላይም አጭሷል። ልዩነቱ፣ ድሮ አንዴ ከወደቀ እዚያው ይከርም ነበር፤ ከሐርቡ በኋላ ግን በማግስቱ ዝንጅብሉን በኪሱ ይዞ ሱቄ በር ላይ ይቆምና «ወሬ አውራልኝ» ይለኛል። መውደቁ እየራቀ ሄደ። ከድጃ መሮጥ በጀመረችበት ጊዜ ቤቱ ውስጥ ክብሪት የሚፈለገው ለምድጃ ብቻ ነበር።

መመለስ

እሱ ሐርቡ ሊሰነብት ስለሆነ ለብቻዬ ተመለስኩ። ዋናው መንገድ ድረስ ሸኘኝ። ወደ ደሴ የሚወጣ ካሚዮን ቆሞ ነበር፤ ሾፌሩ ጎማውን እያየ ያጨሳል። ሁለታችንን አየና ፓኮውን ለእንድሪስ ዘረጋለት።

«ልጄ ይሸታታል» አለው እንድሪስ።

ሾፌሩ ግራና ቀኙን ተመለከተ። መንገዱ ላይ ከእኛና ከአንድ አህያ በቀር ማንም የለም። «የት አለች?»

«ቤት ተኝታለች።»

ሾፌሩ ትከሻውን ሰብቆ ፓኮውን ኪሱ ከተተ። ጭሱ ግን እንዳለ ወደኛ ይመጣል። እንድሪስ አልራቀም፤ አልተጠጋምም። ሙስበሃውን ቤት ረስቶት ኖሮ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። ኪሱን ዳበሰ፣ ጋቢውን አስተካከለ፣ መልሶ አወረደው። በመጨረሻ የኔን እጅ ያዘ።

እንደዚያው ተያይዘን ቆምን። ወሬ አላወራሁለትም፤ እሱም አልጠየቀኝም። ሾፌሩ ቁራጩን ጥሎ በጫማው ረገጠና ሞተሩን አስነሳ። ተሳፍሬ፣ ካሚዮኑ መንቀሳቀስ ከጀመረ በኋላም፣ እንድሪስ እጄን እንደያዘ ጥቂት እርምጃ አብሮኝ ሄደ።