«ወንድም» የሚለው ሳጥን

በአርባ አንድ ዓመቷ ዩኒቨርሲቲ የገባችውን ሴት የክፍል ጓደኞቿ «እትዬ መዝገብ» ይሏት ነበር። አስራ ስምንት ዓመት መዝገብ ቤት ፋይል ስታወጣና ስታስገባ ኖራ፣ ልጆቿ ሊሆኑ ከሚችሉ ወጣቶች ጋር የማኅበረሰብ ተሳትፎና የቤተሰብ ሳይንስ ልትማር ተመዘገበች። ቅጽል ስሙን አልጠላችውም። መምህሩ ሲያስነጥስ እንኳ ሳትጽፍ አታልፍም እያሉ ሲያሾፉባት አብራቸው ትስቃለች። የእጅ ጽሑፏ ከማማሩ የተነሳ እሷ የጻፈችውን ወረቀት ማንም ሁለተኛ አይጠይቅም። ጣጣው የመጣውም ከዚሁ ነው። ወረቀቷ ዝርክርክ ቢሆን ኖሮ አንድ ሰው «እስቲ ይሄ ምንድን ነው?» ይል ነበር።

ሦስተኛ ዓመት ላይ ለመስክ ልምምድ አንድ የቤተሰብ ድጋፍ ጽሕፈት ቤት ተመደበች። የመጀመሪያ ጉዳይዋ የአንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። አስተማሪዋ በላከችው ደብዳቤ፣ የመውጫው ደወል ሲደወል ሌሎቹ ልጆች ቦርሳቸውን ይዘው ሲሮጡ ይህች ልጅ ዴስክ ስር ገብታ እንደምትደበቅ፣ ክንዷም በልዞ እንደታየ ተጽፏል። ከቤት ውስጥ አንድ ሰው ልጅቷን እየጎዳት ነው። ማን እንደሆነ ማወቅ የእትዬ መዝገብ ሥራ ሆነ።

በሩን የከፈተላት አባትየው ነበር፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ምላሱ ማር የሆነ ሰው። «ይግቡ እህቴ፣ ይግቡ» እያለ ከሁለቱ ወንበሮች የተሻለውን በመሃረቡ ጠርጎ አስቀመጣት። እናትየው ክሊኒክ ውስጥ በጽዳት የምትሠራ ሴት ናት፤ ዓይኗን ከወለሉ ላይ አላነሳችም። ትልቁ ልጅ ሃያ ዓመቱ ነው፣ ጋራዥ ይሠራል። እጁ በግራሶ እንደጠቆረ ግድግዳ ተደግፎ፣ ፊቱን አጨፍግጎ ያያታል። ስትጠይቀው «እኔ ምንም አልልም፤ እህቴን ይጠይቋት» ከማለት በቀር ቃል አልተነፈሰም። እትዬ መዝገብ በሆዷ «ይሄስ ጤነኛ አይደለም» አለች።

ልጅቷን ውጪ ደረጃው ላይ ለብቻዋ አስቀምጣ አነጋገረቻት።

«እዚህ ቤት የምትፈሪው ሰው አለ፣ የኔ ልጅ?»

«ጋሼን» አለች ልጅቷ።

«ምን ያደርግሻል?»

«ሲመጣ አልጋ ስር እገባለሁ። እግሬን ይዞ ያወጣኛል።»

እትዬ መዝገብን አንጀቷን በላት። ከዚህ በላይ ማስጨነቅ አልሆነላትም፤ ቅጹን አወጣች። «ልጁ የሚፈራው ሰው» ከሚለው ስር ሳጥኖች ተደርድረዋል፤ አባት፣ እናት፣ ወንድም፣ እህት፣ ሌላ። ጋሼ የሚል ሳጥን የለም። እሷ ዕድሜዋን ሙሉ ጋሼ ስትል የኖረችው ታላቅ ወንድሟን ነው። መምህሩ «ልጅ ያለውን እንዳለ ጻፉ፣ እናንተ አትተርጉሙ» ያለውን ደብተሯ ላይ በቀይ አስምራበታለች፤ በዚያች ሰዓት ግን ትዝም አላላት። «ወንድም» የሚለው ሳጥን ውስጥ ቆንጆ ምልክት አደረገች።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ወረቀቱን አይቶ «ወንድሟ መሆኑን አረጋግጠሻል?» አላት። በዚህ ዕድሜዋ እንደ ጀማሪ መጠየቋ ከነከናት።

«ከራሷ አፍ ነው የሰማሁት» አለች።

የጽሕፈት ቤቱ ኮሚቴ ትልቁ ልጅ ከቤት ወጥቶ ለሦስት ወር አክስቱ ጋ እንዲቀመጥ፣ እህቱ አጠገብ እንዳይደርስ ወሰነ። ውሳኔው ሲነበብለት ልጁ አልጮኸም፣ አልተሳደበም። «እኔ ከወጣሁ እዚያ ቤት የሚሆነውን ታያላችሁ» ብቻ አለ። ይህም «ዛቻ» ተብሎ ቃለ ጉባኤው ላይ ሰፈረ፤ የጻፈችውም እትዬ መዝገብ ናት። እናትየው አንድ ነገር ልትል አፏን ስትከፍት አባትየው እጇን ያዝ አደረጋት። ከዚያ እሱ እንባውን እየጠረገ «ልጄን ከቤት ከማስወጣ ሞቴ ይሻለኝ ነበር፤ ግን እሷም ልጄ ናት» አለ። ስንቱ አዘነለት መሰላችሁ!

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ዓርብ ከሰዓት፣ እትዬ መዝገብ ለክትትል ተመልሳ ሄደች። እናትየው ሥራ ላይ ናት። አባትየው እንደ ወትሮው ወንበር ጠርጎ አስቀመጣት። ልጅቷ ከስታለች። በዚያ ሙቀት እስከ አንገቷ የተቆለፈ ወፍራም ሹራብ ለብሳለች።

«ብርድ ብርድ ይላታል» አለ አባትየው፣ ማንም ሳይጠይቀው። ከዚያ ወደ ጓዳ ገባ። እትዬ መዝገብ ቅጿን ዘርግታ ቀን ስትጽፍ ከውስጥ ድምፁ መጣ።

«አንቺ! የት ነሽ? ብርጭቆ አምጪልኝ!»

«አቤት ጋሼ!» አለች ልጅቷ፣ ከመቀመጫዋ ዘላ እየተነሳች።

እትዬ መዝገብ መጀመሪያ ወንድምየው የተመለሰ መስሏት ዙሪያዋን አየች። ማንም የለም። ከዚያ ክው አለች። ልጆቻቸው አባታቸውን ጋሼ የሚሉባቸው ስንት ቤቶች ታውቅ ነበር! ጎረቤቷ እንኳ እንደዚያ ነው። ልጅቷ ብርጭቆውን አድርሳ ስትመለስ እጇን ያዘቻት።

«ጋሼ የምትይው አባትሽን ነው?»

«አዎ።»

«ወንድምሽንስ?»

«በስሙ ነዋ የምጠራው።» ልጅቷ አልተቆጣችም፤ ነገሩ የገረማት ብቻ ነው የምትመስለው። «ነግሬዎት ነበር እኮ። ወንድሜ ነበር የሚያስጥለኝ። የት ወሰዳችሁት?»

እትዬ መዝገብ አፈረች፤ ከሀፍረቱ በላይ ደግሞ ፈራች። ስልኳን አውጥታ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ለኃላፊው ደወለች።

«ውሳኔ በስልክ አይሻርም፤ ሰኞ በጽሑፍ አቅርቢው» አላት።

«እስከ ሰኞ እኮ ሦስት ሌሊት አለ!»

«ስብሰባ ላይ ነኝ» ብሎ ዘጋባት። ፖሊስ ጣቢያ ደወለች፤ ይጠራል፣ አይነሳም። የወንድምየው ቁጥር ፋይሉ ላይ ነበር።

«ተሳስቻለሁ» አለችው። «ጥፋቱ የኔ ነው። እህትህ ጋ ቶሎ ና።»

«ካለሁበት አንድ ሰዓት ይፈጃል» አላት። «እስክደርስ እንዳይሄዱ። እባክዎ እንዳይሄዱ።»

ስልኩን ስታወርድ ጓዳው ጸጥ ማለቱን ልብ አለች። የብርጭቆው ድምፅ ቆሟል።

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻትና «እርስዎም ሊሄዱ ነው?» አለቻት።

«አልሄድም።»

አባትየው ከጓዳ ወጣ። ወደነሱ ሳያይ የውጪውን በር ቆለፈና ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ፈገግ እያለ ዞረ።

«ማን ነው የማይሄደው?» አለ።

«እኔ» አለች እትዬ መዝገብ። ተነስታ ልጅቷን ከኋላዋ አደረገቻት።