ለዘሀራ የሚፈላ ማሾ

ሰመራ ውስጥ እኩለ ቀን ላይ ከቤት የሚወጣ ሰው ወይ ባጃጅ ነጂ ነው ወይ ሥራ አስገድዶት ነው፤ እኔ ግን ትናንት በዚያ ሰዓት፣ ሻርፔን ራሴ ላይ ጥዬ፣ የጎረቤቴ መስኮት ስር ቆሜ ሳሸትት ነበር። ጎረቤቴ በቅርቡ ከደሴ የመጣች አስተማሪ ናት፤ ማሾ፣ ያችን አረንጓዴ ጥራጥሬ፣ ጥዳለች። ማሾ ሲፈላ መጀመሪያ እንደ እርጥብ ሣር፣ ቆየት ሲል ደግሞ ዝናብ እንደነካው አፈር ይሸታል። ሌላው ሰው ምሳ ደረሰ ብሎ ያልፋል፤ እኔን ግን በዚህ ዕድሜዬ፣ የሦስት ልጆች እናት ሆኜ፣ ያስቀናኛል። የምቀናውም በታናሽ እህቴ በዘሀራ ነው።

ያደግነው አዋሽ ነው። አባታችን ሾፌር ስለነበር ከቤት ይልቅ መንገድ ላይ ነው የሚኖረው፤ ሱቁንም ቤቱንም የያዘችው ከወሎ የመጣችው እናታችን ነበረች። ሱቁንና ማድቤቱን የሚለያቸው አንድ መጋረጃ ብቻ ስለሆነ ደንበኛ ስኳር ሲጠይቅ እማዬ ማማሰያዋን እንደያዘች ብቅ ትላለች። ዘሀራ ግንቦት ገና ሲገባ የሚነስራት ልጅ ነበረች፤ ዩኒፎርሟ ላይ፣ ትራሷ ላይ፣ አንዳንዴም የምትበላው እንጀራ ላይ ደም ጠብ ይላል፣ እማዬም ሥራዋን ጥላ አናቷን በውሃ ስታረጥብ ትውላለች። እኔን ደግሞ ጉንፋን እንኳ ይሸሸኝ ነበር።

ያኔ መንገድ የሚሠሩ ቻይናዎች ከከተማው ዳር ሰፍረው ነበር፤ ምግብ የምታበስልላቸው ሜይ የምትባል ጠና ያለች ሴት ከሱቃችን ማሾ ትገዛለች። አንድ ቀን ዘሀራ አፍንጫዋን በጨርቅ ይዛ ደፉ ላይ ተቀምጣ ብታገኛት ጎንበስ አለችና የራሷን ምላስ አውጥታ «እንዲህ!» አለቻት። እኛ ቤት ለትልቅ ሰው ምላሱን ያወጣ ልጅ ጥፊ ነው የሚጠብቀው፤ ሁለታችንም እማዬን አየናት። እሷም ግራ ተጋብታ «በይ እሺ፣ አውጪላት» አለች። ሜይ ምላሷን እያገላበጠች የምታይ ይመስል ስትመረምር ቆየችና «ሙቅ» አለች ደረቷን እየነካች፣ «ውስጥ ብዙ ሙቅ። በርበሬ የለም፣ ዝንጅብል የለም። ማሾ!» በእነሱ አገር ምግብ ሁሉ ወይ ያሞቃል ወይ ያቀዘቅዛል፤ ይህም ከእሳት የመውረድ ያለመውረድ ጉዳይ አይደለም፣ ዝንጅብል ቢቀዘቅዝም ያሞቃል፣ ማሾ ቢፋጅም ያበርዳል፣ ጤና ማለት የሁለቱ መመጣጠን ነው። ይህን ሁሉ በጥቂት የአማርኛ ቃላትና በብዙ የእጅ ምልክት ነበር የምታስረዳን።

እኔም ተራዬን ጠብቄ ምላሴን እስከ አገጬ ዘረጋሁላት። አየት አደረገችና «ጥሩ፣ ጥሩ። አንቺ ሁሉ ብላ» ብላኝ ዞረች። እንዲያ ያለ ስድብ ከዚያ ወዲህ ሰምቼ አላውቅም።

በማግስቱ የማሾ ውሃ አፍልታ ከካምፑ ይዛ መጣች። እማዬ አሳማ የተቀቀለበት ድስት እንዳይሆን ፈራች፤ ሰው ለልጇ ደክሞ ያመጣውን መመለስም ነውር ሆነባት። ጥቂት አሰበችና ከመደርደሪያው ለሽያጭ የተቀመጠ አዲስ ድስት አወረደች፣ «ዕቃው ከእኔ፣ እጁ ካንቺ» ብላም ሜይን በመጋረጃው አሳልፋ ማድቤት አስገባቻት። እማዬ ቢስሚላህ ብላ ውሃውን ጨመረች፤ ሜይ ማሾውን አጥባ ከተተች፤ ፍሬው እስኪፈነዳ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንዷ የሌላዋን ቋንቋ በቅጡ ሳታውቅ፣ ስለ ልጅ ሲያወሩ ዋሉ። የፈላው ውሃ እርጥብ ጆንያ ከለበሰው ጀሪካን ጥግ ይቀዘቅዛል፣ ስኳር ጣል ይደረግበታል፣ ለዘሀራ ይቀዳል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ድስት የዘሀራ ድስት ሆነ፤ ሌላ ነገር አይበስልበትም። የተረፈውን እንድጠጣ ይፈቀድልኝ ነበር፤ ግን የተረፈ ነገር ለእኔ ብሎ የተሠራ አይደለም፣ እኔ የምፈልገው ደግሞ እማዬ «ይሄ የሉባባ ነው» ብላ አንድ ጊዜ ብቻ እሳት እንድታነድልኝ ነበር።

ስለዚህ አንድ ቀን ከሱቁ ሚጥሚጣ ዘግኜ ላስኩና ነስር ይምጣልኝ ብዬ ፀሐይ ላይ ቆምኩ። የመጣው እንባና ንፍጥ ነው። ቢሆንም የምላሴን መቅላት ተማምኜ ሜይ ፊት ቀረብኩ። ጠጋ ብላ አሸተተችኝና «ሚጥሚጣ!» ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እንባዬ ጋርዶኝ የእማዬን ፊት አላየሁም፤ ድምጿን ግን እሰማለሁ፤ «ያ ረቢ! ሰው በበሽታ ይቀናል? አንቺን እኮ ድንጋይ ብቀቅልልሽም ይስማማሻል!»

መንገዱ አለቀ፣ ሜይም ከካምፑ ጋር ሄደች። እማዬ ግን ዘሀራ አድጋ ነስሩ እስኪተዋት ድረስ በየሙቀቱ ወራት ማሾውን ታፈላላት ነበር። እኔም ጤናዬን እንደያዝኩ አግብቼ ሰመራ ገባሁ።

እማዬን፣ አላህ ይዘንላትና፣ አምና ቀበርናት። የለቅሶው ሰው ሳሳ ሲልልን፣ እኔና ዘሀራ ብቻችንን ፍራሹ ላይ እንደተቀመጥን፣ የቆየው ነገር አመለጠኝ። «ምን አለብሽ፤ የእሷን እጅ የጠገብሽው አንቺ ነሽ» አልኳት። ዘሀራ ቀና ብላ አየችኝ።

«እታለም፣ የምቀናውማ እኔ ነበርኩ» አለችኝ። «እኔን ባየች ቁጥር ዓይኗ አፍንጫዬ ላይ ነው፣ ደም መጣ አልመጣ እያለች። ያንን ውሃ ስጠጣ እንኳ ፊቷ ፍርሃት ነበር። አንቺ ከውጭ ስትገቢ ነው ትከሻዋ ወረድ የሚለው። በአንቺ ነበር የምታርፈው፤ በእኔ አርፋ አታውቅም።»

ከዚያ ወዲህ ያንን ያረፈ ፊት ለማስታወስ ስንት ጊዜ ሞከርኩ። ከሜዳ ስመለስ፣ ከትምህርት ቤት ስመጣ፣ መጋረጃውን ገልጬ ስገባ፣ እማዬ ቀና ስትል። አይመጣልኝም፤ ዓይኔ ሁልጊዜ ድስቱ ላይ ነበርና። ዘሀራ ግን አይታዋለች። እናም አሁንም የምቀናው በእሷው ነው።